የስርጭት ማዕከል ምንድን ነው? ከደብረ ብርሃን ሆነን ስናየው

«የስርጭት ማዕከል» ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ትልቅ መጋዘን ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሰፊ በር፣ ዘበኛ። መጋዘንማ የትም ይሠራል። ዕቃው ለምን እዚያ ይወርዳል? ጥያቄው እሱ ነው።

በቀላሉ ልፍታው። ጭነት ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው የሚዛወርበት ቦታ ነው። ተሳቢ ያመጣውን አይሱዙ ይረከባል፤ አይሱዙ ያመጣውን ባጃጅ፣ ጋሪና አህያ። በጅምላ የገባው ተበትኖ ይወጣል። ከየገጠሩ በኩንታል በኩንታል የመጣው ደግሞ ተጠራቅሞ አንድ ሙሉ መኪና ይሞላል። ይህ በየቀኑ የሚሆንበት ከተማ፣ ማንም ስም ባያወጣለትም፣ የስርጭት ማዕከል ነው።

ለሸዋ ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ፣ ዛሬ ጅቡቲ ውስጥ ካለችው የባሕር ዳር ከተማ ከታጁራ የተነሣ ሲራራ ነጋዴ የአፋርን በረሃ አቋርጦ አንኮበር ሥር ፋሬ ሲደርስ ግመሎቹን ያራግፋል። ያን ዳገት ግመል አይችለውም። ከዚያ ወዲያ ጭነቱ በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ጫንቃ ነው። እዚያው አካባቢ ያለችው አልዩ አምባም በገበያዋ የታወቀችው የቆላው ጨውና የደጋው እህል ስለሚገናኙባት ነው። አልዩ አምባን ያገነናት ዳገቱ ነው ብል ብዙም አልተሳሳትኩ።

ወደ ደብረ ብርሃን እንምጣ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ላይ። ሾፌር ጠዋት ጭኖ ወጥቶ፣ አራግፎ፣ ማታ ቤቱ ገብቶ የሚያድርበት ርቀት ነው። የአልጋ ወጪ የለም፣ መኪና ማስጠበቂያ የለም።

ከከተማዋ ወዲያ መንገዱ ይበታተናል። አንዱ ወደ አንኮበር ይሄዳል። አንዱ ወደ ደነባና እነዋሪ። ጣርማበር ላይ ወደ መንዝ የሚታጠፍ አለ፤ ዋናው ደግሞ ጣሊያን በወረራው ዘመን በሠራው ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ። መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ብርድ ልብሱን አውልቀህ ማራገቢያ ትፈልጋለህ። ስለዚህ ከታች ሽንኩርትና ማሾ ይወጣል፤ ከላይ ገብስ፣ ባቄላና ድንች ይወርዳል። ከጅሩ ሰንጋ፣ ከመንዝ በግ ይመጣል።

እኔን የሚገርመኝ ግን የመልስ ጭነት ነው። አንድ ቀን ሻይ ቤት አጠገቤ የተቀመጠ የአይሱዙ ሾፌር ላይ ጥያቄ አበዛሁበት። «ወንድሜ፣ መሄድማ ማንም ይሄዳል» አለኝ። «ሒሳቡ ስትመለስ ነው።» እውነቱን ነው። ባዶውን የሚመለስ መኪና የመመለሻ ነዳጁን የሚጭነው ዕቃውን ባዘዘው ነጋዴ ላይ ነው፤ ነጋዴው ደግሞ በእኛ ላይ። የሚቀበል እንጂ የሚልከው የሌለው ከተማ ሁሉ ነገር የሚወደድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ደብረ ብርሃን የምትልከው አላት። የብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ዕድሜ ጠገብ ነው፤ ኢንዱስትሪ ፓርክም ተጨምሮላታል። ሐበሻና ዳሽን ቢራ እዚያው ይጠመቃሉ። ቢራን የማይጠጣም ቢሆን ይስማኝ፣ ለዚህ ጉዳይ ከቢራ የተሻለ ምሳሌ የለም። ክብደት አለው፣ ጠርሙሱ ይሰበራል፣ ባዶው ሳጥን ደግሞ የግድ መመለስ አለበት። ሙሉ ይዞ የወረደው መኪና ባዶ ሳጥን ይዞ ይወጣል። የደጋው ገብስ ይገባል፣ ብቅል ይሆናል፣ ቢራ ሆኖ ይወጣል። አንዱ እህል መኪናን ስንት ጊዜ እንደሚያሠራ ቁጠሩት።

የመሬትና የመጋዘን ኪራይ ከአዲስ አበባ ይቀላል። ብርዱም ቢሆን ድንች ለሚያስቀምጥ ሰው ጉዳት የለውም።

ሞጆን እንፎካከር ለሚሉ ግን አልስማማም። የጅቡቲው ኮንቴይነር በብዛት የሚያርፈው ሞጆ ደረቅ ወደብ ነው፤ ባቡሩም የሚያልፈው በዚያ ነው። የደብረ ብርሃን ሥራ ሌላ ነው፤ የገባውን ወደ ሰሜኑ መበተን፣ ከገጠሩ የመጣውን ሰብስቦ ወደ አዲስ አበባ መላክ።

ደካማ ጎኗም እዚሁ ላይ ነው። ወደ ሰሜን የሚያወርዳት ዋና መንገድ አንድ ነው፤ እሱም በጠባብ ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ጭጋግ ሲወርድ መኪናው ሁሉ በእግሩ ይሄዳል። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ እንዳየነው መንገዱ ሙሉ በሙሉ የሚቆረጥበት ጊዜም አለ። ያን ጊዜ ማዕከል የነበረችው ከተማ የመንገዱ መጨረሻ ትሆናለች። ሽንኩርቱ ታች ይበሰብሳል፤ ላይ ደግሞ ዋጋው ይሰቀላል።