የአፈር እርከን ምንድን ነው?

ተዳፋት ማሳ ላይ ጎርፍ የሚወርድበትን አቅጣጫ አቋርጦ የሚሠራ የአፈር ክምርና አብሮት የሚቆፈር ቦይ ነው። ብዙ ሰው ክምሩን ብቻ እርከን ይለዋል፤ ውሃውን ይዞ የሚያሰርገው ግን ቦዩ ነው። ፈሰስ ሌላ ነገር ነው። ፈሰስ በማረሻ ሰያፍ ይወጣና ውሃውን ከማሳው ያስወጣል፤ የወጣው ውሃ ጎረቤት ወሰን ላይ ያርፋል፤ ብዙ ቦረቦር የሚጀምረውም እዚያ ነው።

በተለመደው እርከን ቦዩ ከክምሩ በላይ ይሆናል፤ አፈሩ ወደ ታች ይጣላል። አፈሩ ወደ ላይ ሲጣልና ቦዩ ከታች ሲሆን ፋንያ ጁ ይባላል፤ ስሙ ከስዋሂሊ የመጣ ነው። ፋንያ ጁ ቶሎ ወደ ደረጃ መሬት ይለወጣል፣ ጉልበቱ ግን ይበዛል።

ልኩ ይህን ይመስላል። ቦዩ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል፣ 50 ይጠልቃል። ክምሩ ከተጠቀጠቀ በኋላ ከፍታው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር፣ የሥሩ ስፋት ከ1 እስከ 1.2 ሜትር፣ አናቱ 30፣ አፈሩ ልል ከሆነ 50 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በቦዩና በክምሩ መካከል 25 ሳንቲ ሜትር ያልተነካ መሬት ይተዋል፤ አለዚያ አፈሩ ተመልሶ ቦዩን ይሞላዋል። ቦዩ ውስጥም በየ3 እስከ 6 ሜትሩ ሳይቆፈር የሚቀር መቋረጫ ያስፈልጋል።

ሥራውን የሚያበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ የመስመሩ አወጣጥ ነው። መስመር በዓይን አይወጣም። ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ዘንግ፣ 10 ሜትር ገመድ፣ መካከሉ ላይ ማለትም 5ኛው ሜትር ላይ የሚንጠለጠል ውሃ ልክ ይበቃል። አረፋው መሐል ሲቆም ሁለቱ ዘንጎች እኩል ከፍታ ላይ ናቸውና ችካል ይተከላል። ውሃ ልኩ ከመሐል ከሸሸ፣ ገመዱ ከረገበ ወይም አንዱ ዘንግ ጓል ላይ ከቆመ መስመሩ ይዘማል። የውሃ ልኩን ትክክለኛነት ለማየት እዚያው ቦታ ላይ ጎኑን ማዟዟር ነው፤ አረፋው ሌላ ቦታ ከሄደ ዕቃው ተበላሽቷል።

መስመሩ ሲዘም ውሃው በቦዩ ውስጥ ሮጦ ዝቅ ያለው ቦታ ይጠራቀማል፣ ሞልቶ ክምሩን ይሰብራል፣ ወርዶም ከታች ያለውን ይሰብራል። መቋረጫ የሚተወው ይህን ሩጫ ለማስቆም ነው። ሥራው ከላይ የሚጀመረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የላዩ ማሳ ባዶ ሆኖ የታችኛው ብቻ ቢሠራ ጉልበቱ ለጎርፍ ሲሳይ ነው።

ርቀቱን ለማወቅ መጀመሪያ ተዳፋቱ ይለካል፤ በ10 ሜትር ላይ 1 ሜትር ከወረደ 10 በመቶ ነው። በሁለት እርከኖች መካከል 1 ሜትር የከፍታ ልዩነት እንዲኖር ከተፈለገ፣ በ5 በመቶ ተዳፋት በየ20 ሜትሩ፣ በ10 በመቶ በየ10 ሜትሩ ይሠራል። አንድ እርከን ከ80 ሜትር ባይረዝም ይመረጣል፤ በሬ የሚያልፍበት ክፍተትም ይተዋል። ክፍተቶቹ ግን በአንድ መስመር ከላይ እስከ ታች ከተደረደሩ ራሳቸው የጎርፍ መንገድ ይሆናሉ።

ገበሬው «መሬቴን በላብኝ» ሲል ውሸት አይደለም። ቦዩና ክምሩ ተደምረው 2 ሜትር ግድም ይወስዳሉ፤ በየ10 ሜትሩ ሲሠራ የማሳው አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ክምሩ ባዶ መቅረት የለበትም። ዴሾ ሣር፣ ሰስባንያ ወይም የርግብ አተር ቢተከልበት ክምሩን ይይዛል፣ ለከብትም መኖ ይሆናል፤ ታጭዶ መሰጠት አለበት እንጂ ከብት ከተለቀቀበት እግሩ ክምሩን ይንደዋል።

ዋልካ አፈር ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ክረምት ውሃ ያቁራል፣ በጋ ይሰነጣጠቃል፤ ውሃ ልኩን የጠበቀ እርከን እዚያ ሰብሉን በውሃ ያፍነዋል። ዝናብ የሚበዛበት አካባቢም እንደዚሁ። እንዲህ ባለ ቦታ ቦዩ ከ1 በመቶ ያልበለጠ ዝቅታ ተሰጥቶት ሣር ወደ ለበሰ ማፋሰሻ ይወጣል። ማፋሰሻው መቅደም አለበት፤ ሣሩ ሳይዝ ውሃ ከተለቀቀበት ቦረቦር ይሆናል።

የሥራው ወቅት በጋ ነው፤ ጥርና የካቲት ይመቻል። ክረምቱ ሲወጣ ቦዩ ውስጥ የተኛው ደለል ተጠርጎ ክምሩ አናት ላይ ይጫናል።