ከኤክሴል ሰንጠረዥ በማክሮ ኢሜይል መላክ

ሰንጠረዡ ላይ 200 ስም አለ። ከየስሙ ጎን የኢሜይል አድራሻ፣ የቀረ ሂሳብና የመክፈያ ቀን ተጽፏል። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ቁጥር የያዘ መልእክት መላክ አለበት። በእጅ ከሆነ ኮፒ ፔስት ሲባል ይዋላል፤ ድካም ሲመጣ ደግሞ የአንዱ ሂሳብ ለሌላው ይሄዳል። ሁሉንም አድራሻ በአንድ መልእክት መደርደርም አይሆንም፤ ሰዉ የሌላውን አድራሻ ያያል። ማክሮ የሚያስፈልገው ይሄኔ ነው።

ማክሮ ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ፕሮግራም ነው። በኤክሴል የሚጻፍበት ቋንቋ ቪቢኤ ይባላል፤ ኤክሴል ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። አልት እና ኤፍ11 አብረው ሲጫኑ የኮድ መጻፊያው መስኮት ይከፈታል። ፋይሉ ማክሮ በሚይዘው ዓይነት፣ ኤክስኤልኤስኤም (.xlsm) ሆኖ ካልተቀመጠ ግን ኮዱ አብሮ አይቀመጥም፤ ብዙ ጀማሪ የመጀመሪያ ሥራውን የሚያጣው በዚህ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ማክሮው የማይክሮሶፍትን የኢሜይል ፕሮግራም፣ አውትሉክን ይጠራና አዲስ መልእክት ያስከፍተዋል፤ ከዚያ አድራሻውን ከአንዱ ዓምድ፣ ስሙን ከሌላው፣ ሂሳቡን ከሦስተኛው እያነሳ ይሞላል፣ የሚያያዝ ፋይል ካለም ያያይዛል። የመጀመሪያው ረድፍ የዓምዶቹ ርዕስ ስለሆነ ሥራው ከ2ኛው ረድፍ ይጀምርና ባዶ ረድፍ እስኪያገኝ ይወርዳል። ኮዱ ከ20 መስመር ላይበልጥ ይችላል።

መጨረሻ ላይ የሚመረጡ ሁለት ትእዛዞች አሉ። ዲስፕሌይ መልእክቱን አዘጋጅቶ ስክሪን ላይ ያሳያል፣ ሴንድ ግን ሳይጠይቅ ይልካል። እኔ ሁልጊዜ በዲስፕሌይ እጀምራለሁ፤ ሦስት ረድፍ ብቻ አስኬድና ስሙ፣ ቁጥሩና አባሪው የአንድ ሰው መሆናቸውን በዓይኔ አያለሁ። ከዚያ አድራሻውን በራሴ አድራሻ ተክቼ በሴንድ እሞክራለሁ። ይሄን ያህል የምጠነቀቀው የተላከ ኢሜይል ስለማይመለስ ነው፤ ማክሮ ደግሞ ሲሳሳት አንዴ ብቻ አይሳሳትም፣ 200 ጊዜ ነው።

ከኮዱ ሁሉ ይበልጥ የምወደው አንድ ተጨማሪ ዓምድ ነው፦ «ተልኳል» የሚል። ማክሮው አንድ መልእክት በላከ ቁጥር እዚያው ረድፍ ላይ ቀንና ሰዓት ይጽፋል፣ ለቀጣዩ ሰው ከመላኩ በፊት ደግሞ በዚያኛው ረድፍ ያለው ይሄ ሴል ባዶ መሆኑን ያያል። ይሄ ባይኖር ሥራው 120ኛው ረድፍ ላይ በተሳሳተ አድራሻ ምክንያት ቢቆምና እንደገና ቢነሳ፣ ከላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ ያንኑ መልእክት ሁለቴ ያገኛሉ። ምልክቱ መጻፍ ያለበት ከእያንዳንዱ መልእክት በኋላ ወዲያው ነው። ሁሉም ካለቀ በኋላ በአንድ ላይ ልጻፍ ማለት ዋጋ የለውም።

ሰውን የሚያስቸግሩ ጥቃቅን ነገሮችም አሉ። ሴሉ ላይ 15% ሆኖ የሚታየው ቁጥር መልእክቱ ላይ 0.15 ሆኖ ይወጣል፤ ቅርጹ ሌላ፣ ዋጋው ሌላ ስለሆነ። ሴሉ ላይ እንደሚታየው የሚያነብ «ቴክስት» የሚባል ነገር አለ፣ ግን ዓምዱ ጠባብ ከሆነ እሱም የመሰላል ምልክቶቹን (####) እንዳሉ ያነሳል። ፊርማም ይጠፋል፦ መልእክቱን በዲስፕሌይ አስከፍቶ ጽሑፉን ከፊርማው በላይ መጨመር ነው መፍትሔው።

አዲሱ የዊንዶውስ አውትሉክ ከውጭ በማክሮ አይታዘዝም። ይሄ ኮድ የሚሠራው ከቀድሞው፣ ክላሲክ ከሚባለው ጋር ነው። ኮዱ ትናንት ሠርቶ ዛሬ እምቢ ካለ መጀመሪያ የሚታየው የትኛው አውትሉክ እንደተከፈተ ነው።

ኢሜይል መላክ የሚችል ማክሮ ለክፉ ሥራም ይመቻል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1999 የተሰራጨው ሜሊሳ የተባለው ቫይረስ የዎርድ ማክሮ ነበር፤ ፋይሉ ሲከፈት አውትሉክን ጠርቶ ለመጀመሪያዎቹ 50 አድራሻዎች ራሱን ይልክ ነበር። ልብ ካላችሁ መንገዱ ከላይ የተናገርነው ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ማይክሮሶፍት ከኢንተርኔት በመጣ ፋይል ውስጥ ያለን ማክሮ በራሱ ያግዳል። ስለዚህ ማክሮ ያለበት ፋይል ለባልደረባ በኢሜይል ሲላክ ላይሠራ ይችላል። እገዳው ከፋይሉ ፕሮፐርቲስ ላይ ይነሳል፤ ግን ፋይሉን የላከው ሰው በደንብ የሚታወቅ ሲሆን ብቻ ይነሳ።

የጉግል ሰንጠረዥ በሆነው ጉግል ሺትስ ላይ የማክሮን ቦታ የያዘው አፕስ ስክሪፕት ነው። ቋንቋው ጃቫስክሪፕት ነው፣ የሚሠራውም በጉግል ሰርቨር ላይ ስለሆነ ኮምፒውተራችሁ ቢጠፋም ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ላክ ብላችሁ መቅጠር ትችላላችሁ። ገደብ አለው፦ በተራ የጂሜይል አካውንት በቀን 100 ተቀባይ፣ በሚከፈልበት የጉግል አካውንት (ዎርክስፔስ) 1,500፣ አንዱ ሩጫም ከ6 ደቂቃ አያልፍም። ለ200ው ሰው በተራ አካውንት ሁለት ቀን ይፈጃል ማለት ነው። በሁለተኛው ቀን ከየት እንደሚቀጥል የሚነግረውም ያው «ተልኳል» የሚለው ዓምድ ነው።