የሕፃን እርግብግቢት ለምን ክፍት ሆኖ ይቆያል?

እርግብግቢት ቀዳዳ አይደለም። የሕፃኑ የራስ ቅል አጥንቶች ገና ያልተጋጠሙበት ቦታ ሲሆን፣ ከቆዳው ሥር ጠንካራ ሽፋን አለው። በእርጋታ ቢነኩትም ሆነ ቢያጥቡት አንጎልን አይጎዳም። ሲነኩት እጅ ላይ የሚሰማው ትርታም የሕፃኑ የልብ ምት ነው።

አጥንቶቹ ሳይጋጠሙ መቆየታቸው ጭንቅላቱ በወሊድ ጊዜ በጠባቡ መንገድ እንዲያልፍ ይረዳል። ከዚያ በኋላ ግን ዋናው ጉዳይ የአንጎል እድገት ነው። አንጎል በውልደት ጊዜ የአዋቂውን ሩብ ያህል ነው፤ በ2 ዓመት ሦስት አራተኛ ገደማ ይደርሳል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ይህ ሁሉ እድገት በአብዛኛው ከአዳዲስ የነርቭ ሴሎች አለመምጣቱ ነው። አብዛኞቹ ሴሎች ሕፃኑ ሲወለድ አሉ። የሚበዙት ቅርንጫፎቻቸውና እርስ በርስ የሚገናኙባቸው ነጥቦች ናቸው፤ መልእክት የሚያፋጥን ቅባታማ ልባስም ይለብሳሉ። እናት ስታባብለው፣ አያት ስታጫውተው የሚሠሩት የነርቭ መስመሮች ይጠነክራሉ፤ ሥራ ያጡት እየተመናመኑ ይጠፋሉ።

በጭንቅላቱ ኋላ በኩል ያለው እርግብግቢት በ2 ወር ገደማ፣ በፊት በኩል ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ይዘጋል። ቅቤ መቀባት አያፋጥነውም።

ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዘው ሕፃን እርግብግቢቱ ከጎደጎደ ፈሳሽ አንሶታል ማለት ነው። ሕፃኑ ሳያለቅስ ቀና ብሎ ተይዞ እያለ እርግብግቢቱ ከተወጠረ፣ በተለይ ትኩሳት ካለው፣ ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ።