የአካል ጉዳተኞች ጥበብ ምንድን ነው?

«የአካል ጉዳተኞች ጥበብ» ሲባል ብዙ ሰው አካል ጉዳት ያለበት ሰው የሠራው ማንኛውም ሥዕል ወይም ዘፈን ይመስለዋል። ጽንሰ ሐሳቡ ግን ከዚህ ጠበብ ይላል፤ አካል ጉዳተኞች ራሳቸው አመንጭተውና መርተው፣ ከአካል ጉዳት ጋር የመኖርን ልምድ የሥራቸው ምንጭ አድርገው የሚያቀርቡትን ጥበብ ይመለከታል። ስለዚህም ለሕክምና ተብሎ በማገገሚያ ማዕከላት ከሚሰጥ የሥዕልና የሙዚቃ ልምምድ ይለያል፤ ያኛው የሚሠራው ለታካሚው ጤና ሲሆን፣ ይህኛው ግን ተመልካች ፊት ቀርቦ እንደ ማንኛውም የጥበብ ሥራ የሚመዘንና የሚተች ነው።

እንቅስቃሴው በዚህ ስም የተደራጀው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በብሪታንያ ነው። መነሻውም ሰውን ከኑሮ የሚያግደው ጉዳቱ ብቻ ሳይሆን ኅብረተሰቡ የሠራው እንቅፋት ነው የሚለው የአካል ጉዳተኞች ክርክር ነበር። ይህን እንደ ቴአትር ቤት አጉልቶ የሚያሳይ ቦታ ያለ አይመስለኝም፤ ወደ ተመልካች መቀመጫ ዊልቸር የሚያስገባ መንገድ እያለ ወደ መድረክ የሚያወጣው ደረጃ ብቻ ከሆነ፣ ቤቱን የሠራው ሰው አካል ጉዳተኛው ተዋናይ ይሆናል ብሎ አላሰበም።

በ1991 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ካንዶኮ የተባለውን የዳንስ ቡድን ከአዳም ቤንጃሚን ጋር ያቋቋመችው ሴለስት ዳንዴከር፣ በ1973 መድረክ ላይ ስትደንስ ወድቃ አከርካሪዋ የተጎዳ ዳንሰኛ ናት። ካንዶኮ የተቋቋመው አካል ጉዳት ያለባቸውና የሌለባቸው ዳንሰኞች አብረው እንዲሠሩበት ነው። ቤንጃሚን ወደ አዲስ አበባም መጥቶ ከአዱኛ የማኅበረሰብ ዳንስ ቴአትር ጋር ሠርቷል። አዱኛ የተወለደው የዳንስ እንቅስቃሴ አቀናባሪው (ኮሪዮግራፈሩ) ሮይስተን ማልዱም በ1996 እ.ኤ.አ. ከጎዳና ልጆች ጋር ካዘጋጀው ትርኢት ሲሆን፣ ከጊዜ በኋላ አካል ጉዳት ያለባቸው ወጣቶች የሚደንሱበት ቡድንም አፍርቷል።

እንዲህ ባለ ልምምድ ትእዛዙ ራሱ ይለወጣል። አሠልጣኙ «ቀኝ እግራችሁን አንሡ» ካለ ግማሹን ሰው ከጨዋታው አስወጣ ማለት ነው፤ «ወደ ላይ ዕደጉ» ሲል ግን ዊልቸር ላይ ያለው በክንዱና በደረቱ፣ ክራንች የያዘችው በትከሻዋ፣ የቆመው በእግሩ ጣቶች ይመልሱለታል። ከሦስቱ የሚገኘው እንቅስቃሴ አንድ ዓይነት አይደለም፤ የዳንሱ ውበትም በዚህ ልዩነት ላይ ይሠራል።

ማኅበራዊ ውጤቱ የሚጀምረውም እዚህ ነው፤ አካል ጉዳተኛን መንገድ ዳር አይቶ ሳንቲም መወርወር የለመደ ሰው፣ ትኬት ቆርጦ ገብቶ ችሎታውን ይመለከታል። ኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በአንቀጽ 30 የጥበብ ችሎታን ማዳበር ለግለሰቡ ብቻ ሳይሆን ኅብረተሰቡንም ለማበልጸግ እንደሆነ ይደነግጋል። በእኔ እምነት አንድ ፕሮግራም ሊመዘን የሚገባው በሰበሰበው ታዳጊ ቁጥር ሳይሆን፣ አካል ጉዳተኛው ዳንሰኛ ደመወዝ ማግኘቱንና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ራሱ አሠልጣኝ ሆኖ መቆሙን በማየት ነው።