ሲፎን ምንድን ነው? ሲንክ ሲደፈን መጀመሪያ የሚፈታው ዕቃ

ኩሽና ገብታችሁ ከሲንኩ ስር ጎንበስ በሉ። ከሲንኩ ወርዶ፣ ታጥፎ፣ እንደገና ሽቅብ ወጥቶ ግድግዳው ውስጥ የሚገባ ቧንቧ ታያላችሁ። ሲፎን የሚባለው እሱ ነው። በብዙ ቤት ቧንቧው ላይ የሚገኘው ግን የጠርሙስ ቅርጽ ያለው ነጭ ፕላስቲክ ነው። የታችኛው ክፍሉ በእጅ ይፈታል።

ሥራው ውሃ መያዝ ነው። ሲንኩ ቢደርቅም እጥፋቱ ላይ 5 ሴንቲሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ውሃ ይቀራል። ከሴፕቲክ ታንክ ወይም ከፍሳሽ መስመር የሚመጣውን ሽታ ከቤት የሚያስቀረው ይኸው ውሃ ነው። በረሮም ቢሆን በቀላሉ አያልፈውም። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ በ1775 እ.ኤ.አ. እጥፋት ላለው የውሃ ሽንት ቤት የፈጠራ መብት አውጥቶበታል።

ችግሩ፣ ያው እጥፋት ቆሻሻም ይይዛል። ቅቤና ዘይት ትኩስ ሳለ ይፈሳል፤ ቀዝቃዛ ቧንቧ ሲነካ ይረጋል። ከዚያ የቡና አተላው፣ የእንጀራ ፍርፋሪው፣ የሽሮው ዝቃጭ ሁሉ እላዩ ላይ ይለጠፋል። ሻወር ቤት ደግሞ ፀጉርና ሳሙና ተያይዘው ይደፍናሉ።

ከመፍታታችሁ በፊት ሌሎቹን ማፍሰሻዎች እዩ። የተደፈነው አንድ ሲንክ ብቻ ከሆነ ነገሩ ሲፎኑ ውስጥ ወይም ከእሱ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ሽንት ቤት ሲለቀቅ ሻወሩ ወለል ላይ ውሃ ከወጣ ግን ዋናው መስመር ወይም ውጭ ያለው ፖዜቶ (ክዳን ያለው የፍሳሽ ጉድጓድ) ተደፍኗል። እሱ የባለሙያ ሥራ ነው።

የሲንኩ ከሆነ ባልዲ ከስር አስቀምጡ፣ ጓንት አድርጉ፣ ሲፎኑን ፍቱ። የሚወጣው ነገር ደስ አይልም፤ ቻሉት። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡት። የታጠበውን ውሃ እዚያው ሲንክ ውስጥ እንዳትደፉት፣ ከስር ክፍት ነው! መገጣጠሚያው ላይ ያለችው ቀለበት ጎማ በቦታዋ መሆኗን አይታችሁ በእጅ አጥብቁ። ፕላስቲክን በመፍቻ ማጥበቅ ጥርሱን ይሰብረዋል። ከዚያ ውሃ ልቀቁና መገጣጠሚያውን በደረቅ ሶፍት ዳብሱት፤ ካራሰው ያፈሳል ማለት ነው። ሲፎኑ ንጹሕ ሆኖ ውሃው አሁንም ካልወረደ፣ ድፍኑ ግድግዳው ውስጥ ነው። እዚያ የሚገባው ተጣጣፊ የመጎርጎሪያ ሽቦ ነው።

ብዙ ሰው ግን መጀመሪያ የሚሮጠው ኮስቲክ ሶዳ፣ ማለትም ድፍን ለመክፈት የሚደፋውን የሚያቃጥል ኬሚካል፣ ሊገዛ ነው። እኔ አልመክርም። ሙሉ በሙሉ በተደፈነ ቧንቧ ላይ ከደፋችሁት እዚያው ይተኛል፤ በኋላ ሲፎኑን የሚፈታው ሰው እጅና ዓይን ላይ ይፈናጠራል። ቀድማችሁ ደፍታችሁ ከሆነ ለቧንቧ ሠራተኛው ሳይነካው ንገሩት። በረኪናንም ከአሲድ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። የፈላ ውሃም ለፕላስቲክ ቧንቧ አይሆንም፣ ያለሰልሰዋል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ጥገና ግን ሌላ ነው። ሲፎኑን አውጥቶ ቀጥ ያለ ጎማ መግጠም። «ከእንግዲህ አይደፈንም» ይባላል፤ ቶሎ ላይደፈን ይችላል፣ ግን የፍሳሹ ሽታ በቀጥታ ኩሽና ይገባል። ሠራተኛው እንዲህ ላድርግ ካላችሁ እምቢ በሉ። አዲስ ሲፎን ይግጠምላችሁ።

ምንም ሳይደፈን የሚሸት ቤትም አለ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የደረቀ ሲፎን ነው፤ በተለይ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ብዙ የማይታጠብ ወለል ላይ ያለው ማፍሰሻ። አንድ ጆግ ውሃ ድፉበት። ለረጅም ጊዜ ቤቱን ዘግታችሁ የምትሄዱ ከሆነ ከውሃው በላይ ጥቂት የምግብ ዘይት ጨምሩ፣ ትነቱን ያዘገየዋል። አዎ፣ ያው ስንወቅሰው የቆየነው ዘይት። አንድ ሁለት ማንኪያ ይበቃል።