የስደተኞች ካምፕ የፊልም ፌስቲቫል መለያ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ብራንዲንግ (መለያ መፍጠር) ማለት ሎጎ ማሠራት ነው።»

ብዙ ሰው ከዚህ ይጀምራል። ፊሳህራን እንይ። በአልጄሪያ፣ ቲንዱፍ ከተማ አካባቢ ባሉት የሳህራዊ (የምዕራብ ሳህራ ተወላጅ) ስደተኞች ካምፖች ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲካሄድ የቆየ የሰብአዊ መብት ፊልም ፌስቲቫል ነው። ከውጭ የሚመጡት እንግዶች የሚያርፉት በስደተኞቹ ቤት ነው። ፊልሙ ማታ፣ በረሃ ላይ፣ ደጅ ይታያል። ታላቁ ሽልማት ደግሞ ነጭ ግመል ነው። ይህን የሰማ ሰው ሎጎው ቢጠፋው እንኳ ግመሏን አይረሳም። ለበረሃ ሰው ግመል ሀብትም ክብርም ናት፤ የትም የሚገዛ ዋንጫ እሷን አይተካም።

«የስደተኛ ነገር ስለሆነ ፖስተሩ ማሳዘን አለበት።»

የሽቦ አጥር፣ የሚያለቅስ ሕፃን... እኔ በበኩሌ ሰልችቶኛል። ፖስተሩን መጀመሪያ የሚያየው እዚያው ካምፕ የሚኖረው ሰው ነው። ኑሮውንማ ያውቀዋል። ማወቅ የሚፈልገው ማታ ምን ፊልም እንዳለ ነው።

የፎቶ ጣጣም አለ። ከአገሩ የሸሸ ሰው ፊቱ ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ እዚያ የቀረ ዘመዱ ሊጎዳ ይችላል። ፈቃድ ሲጠየቅ ፎቶው የት የት እንደሚወጣ ይነገረው። «እሺ» ብሎ በኋላ ሐሳቡን ቢቀይርስ? ከግድግዳ ፖስተር ይነሳል፤ ከኢንተርኔት ማጥፋት ግን ከባድ ነው። በእጅ የተሣለ ሥዕል ይሻላል።

«የእርዳታ ድርጅቶች ዓርማ ሲበዛ ታማኝነት ይጨምራል።»

ካምፕ ውስጥ ድንኳኑም፣ ጆንያውም፣ የዘይት ቆርቆሮውም ዓርማ አለበት። ፖስተሩም እንዲያ ከሆነ ሰው ራሽን ሊታደል ወይም ምዝገባ ሊጀመር ነው ብሎ ይሰለፋል። ስፖንሰሮቹ ከታች፣ በትንሹ ይቀመጡ። ቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃን ለጌጥ መጠቀም ጭራሽ አይቻልም፤ በጄኔቫ ስምምነቶች የተጠበቁ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ዓርማም ያለ ፈቃድ አይነካም።

«ቀለም ያው ቀለም ነው።»

አይደለም። የተለያየ አገር ሰው በሚኖርበት ካምፕ የአንዱ ተወዳጅ ቀለም ሌላውን ያሳደደው ቡድን ባንዲራ ሊሆን ይችላል። ጠይቁ።

«መፈክሩ በእንግሊዝኛ ይበቃል።»

ለማን? ሳህራዊያን የሚያወሩት ሐሳኒያ ዓረብኛ ነው፤ ስፓኒሽ የሚያውቁም ብዙ ናቸው። ማንበብ ለማይችል ደግሞ ድምፅ ማጉያ ይዞ በየሰፈሩ የሚዞር የካምፑ ልጅ ከፖስተር ይበልጣል። የፌስቲቫሉ ስም ለአፍ ካልቀለለው ያ ልጅ የራሱን ስም ያወጣለታል። የእሱ ከተሻለ፣ ያንኑ ውሰዱት።