«ከወንጀልነት ማውጣት» ምንድን ነው? «ሕጋዊ ማድረግ» ግን አይደለም

ስለ ሴተኛ አዳሪዎች መብት በተነሣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመለሳል፤ «መንግሥት ፈቃድ እየሰጠ ሴት ያሽጥ ነው የምትሉት?» ጠያቂው ከወንጀልነት ማውጣትንና ሕጋዊ ማድረግን፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን፣ አንድ አድርጓል። ስሕተቱ የቃል ብቻ ቢሆን ባለፍነው ነበር። የተደበደበች ሴት ፖሊስ ጣቢያ መሄድ አለመሄዷን የሚወስነው ግን ይኸው ልዩነት ነው።

የጉሊት ንግድን እንውሰድ። ሽንኩርት መሸጥ ከተከለከለ ሻጯ ደንብ አስከባሪ ባየች ቁጥር ትሮጣለች፤ የዘረፋትን ሌባ ለማን ትከሰው? «ሕጋዊ ማድረግ» የሚባለው ደግሞ «ሽጪ፣ ግን ተመዝግበሽ፣ ፈቃድ ባለው ሱቅ ውስጥ ብቻ» ማለት ነው። በአሜሪካ ኔቫዳ የሚሠራው ይህ ነው፤ በአንዳንድ የገጠር ወረዳዎች ፈቃድ ባላቸው ቤቶች ውስጥ ይፈቀዳል፣ ከዚያ ውጭ፣ ላስ ቬጋስን ጨምሮ፣ ወንጀል ነው። ጀርመንም ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ምዝገባን ግዴታ አድርጋለች። ፈቃዱን ማሟላት ያቃታት፣ ወይም ስሟ መዝገብ ላይ እንዳይሰፍር የፈራች፣ እዚያው ጥላ ውስጥ ትቀራለች።

«እንግዲያው ገዢውን ብቻ እንቅጣ» የሚሉም አሉ። ስዊድን በ1999፣ ፈረንሳይ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ይህን ሕግ ሥራ ላይ አውለዋል። ነገር ግን ሽንኩርት ገዢ የሚቀጣ ከሆነ ገዢው ጉሊት ፊት ቆሞ አይከራከርም። እዚህም እንደዚያው ነው፤ መኪና ውስጥ ያለውን ሰው ለማየት፣ ዋጋና ኮንዶም ለመነጋገር፣ ታርጋውን ለጓደኛ ለመንገር የሚያስፈልገው ጊዜ ያጥራል። ጨለማ ወዳለበት እንሂድ የሚለውም የፈራው ገዢ ነው።

ከወንጀልነት ማውጣት ማለት በአዋቂዎች መካከል በፈቃድ የሚደረገውን የሚቀጡ አንቀጾች መሰረዝና ጉዳዩን ለተራው የሥራ፣ የጤናና የወንጀል ሕግ መተው ነው። ኒውዚላንድ በ2003 (እ.ኤ.አ.) በ60 ለ59 ድምፅ ያጸደቀችው ሕግ ዋናው ምሳሌ ነው። በሕጉ እስከ አራት ሴቶች ያለ አለቃ አብረው ሲሠሩ ቤቱን ለማስተዳደር የሚያስፈልገውን የምስክር ወረቀት አይጠየቁም። ኮንዶም ግዴታ ነው፤ ከ18 ዓመት በታች ካለች ልጅ የገዛ እስከ 7 ዓመት፣ ሰውን አስገድዶ ያሠራ እስከ 14 ዓመት ይታሰራል። «ሁሉም ይለቀቃል» ለሚሉን መልሱ ይህ ነው፤ አስገዳጁ አልተለቀቀም።

የጉሊቱ ምሳሌ የሚያበቃበትም እዚህ ነው። ሽንኩርት ከተሸጠ በኋላ ሐሳብ መቀየር ያጨቃጭቃል፤ በኒውዚላንድ ሕግ ግን ሴቲቱ ገንዘብ ከተቀበለች በኋላም፣ መሐል ላይም ቢሆን፣ አልፈልግም ማለት ትችላለች። ውሉ ፈቃድን አይተካም። ሕጉ ጉድለትም አለው፤ በጊዜያዊ ቪዛ ያለች የውጭ አገር ሴት በዚህ ሥራ ከተገኘች ልትባረር ስለምትችል፣ የሚያጠቃት ሰው እንደማትከስ ያውቃል።

«እኛ አገር መች ተከለከለ?» ለሚለው፦ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 634 የሚቀጣው አቃጣሪውንና ለዚህ ሥራ ቤት የሚይዘውን እንጂ ሻጯን አይደለም። ቢሆንም ሁለት ሦስት ሆነው ክፍል ሊከራዩ ሲሉ አከራዩ «ያስጠይቀኛል» ብሎ ይመልሳቸዋል፤ መንገድ ላይ ደግሞ አፈሳ ይጠብቃቸዋል። ስለ መድፈር የሚናገረው አንቀጽ 620 ግን የተደፈረችው በምን እንደምትተዳደር አይጠይቅም።

ከጤናው በኩል አንድ ነገር እንጨምር። የተደፈረች ሴት የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱን በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለባት፤ በቶሎ ሲሆን ይሻላል፣ የሚወሰደውም ለ28 ቀን ነው። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያውም እስከ 5 ቀን ድረስ ይሰጣል። እታሰራለሁ ብላ ተደብቃ ስታድር የሚያልቁት እነዚህ ሰዓታት ናቸው።